ለእግር መንገድ የሚሆን ሱሪ

ፈየራ ቀነዓ በጊንጪ ጤና ጣቢያ ክትባት ሰጪ ነበር። ሥራው መርፌ ይባል እንጂ አብዛኛው መንገድ ነው። የክትባቱን የበረዶ ሣጥን በትከሻው አንግቶ በደንዲ ገጠር ከመንደር መንደር ሲዞር ይውላል፤ ሲመሽበትም ያገኘበት ያድራል። በበጋ አንዳንዴ መኪና ያደርሰው ነበር። ክረምት ሲገባ ግን መኪናውም ሹፌሩም ከአስፋልቱ ወዲያ ንቅንቅ አይሉም።

በሰባ ዘጠኝ ዓ.ም. ዝናቡ ገና በግንቦት ያዘ። ፈየራን ያስቸገረው ዝናቡ ሳይሆን ሱሪው ነው። ከመሥሪያ ቤት የተሰጠው ወፍራም ካኪ ደረቅ ሲሆን ክፋት የለውም። አንዴ ከራሰ ግን የመረሬውን ጥቁር ጭቃ እስከ ጉልበት ተሸክሞ ይከብዳል፤ ቶሎ አይደርቅም፤ ስፌቱም ጭኑን እየፋቀ ቆዳውን ይልጠዋል። አንድ ቀን ወደ ደንዲ ሐይቅ አፋፍ የሚወስደውን ዳገት ሲጀምር ሕመሙ ጠናበት። እግሩን አንፈርክኮ ትንሽ እንደሄደ ቆመ፤ ቀና ብሎ ዳገቱን አየ፤ ከዚያ ተመለሰ። ላይ፣ ከመንደሩ ዛፍ ሥር፣ እናቶች ልጆቻቸውን አዝለው እየጠበቁት ነበር። ጤና ጣቢያ ሲደርስ በረዶው ቀልጦ መድኃኒቱም ተበላሽቷል።

«ምነው ቀለል ያለ ሱሪ ብትገዛ?» አለው ኃላፊው።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ለፈየራ ግን ቀላል አልነበረም። ዕድሜው አርባ አምስትን አልፎ ለራሱ ሱሪ ገዝቶ አያውቅም። የምትገዛለት ባለቤቱ ባየሽ ነበረች። ቅዳሜ አምቦ ገበያ ወርዳ ይዛለት ትመጣለች፤ ታስለብሰዋለች፤ ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ዙር እስቲ» ትለዋለች። እሱ ይዞራል። «በቃ፣ ያምርብሃል» ካለች ይለብሰዋል፤ ፊቷን ካኮሳተረች ሱሪው በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ መጣበት ይመለሳል።

ባየሽ ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ሞተች። ልጅ አልነበራቸውም። ጎረቤቱ አዴ ወርቅቱ ጠዋት ጠዋት በአጥሩ በኩል «አካም ቡልቴ?» ብላ እንዴት እንዳደረ ትጠይቀዋለች። «ነጋ፣ ደኅና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ብሎ ያልፋል። ሥራ በሌለበት ቀን ከዚያ በኋላ ድምፁን የሚሰማው ሰው የለም።

ቅዳሜ ዕለት አውቶቡስ ተሳፍሮ አምቦ ወረደ።

መጀመሪያ የሄደው ሰልባጅ ወደሚከመርበት ነው። ከክምሩ ውስጥ ባለብዙ ኪስ የሆነ፣ እንደ ላባ የቀለለ የፈረንጅ ሱሪ አገኘ። ወገቡ ላይ ለክቶ ወደ ታች አየ። ረዘመ? አጠረ? ቀና ሲል የሚጠይቀው ሰው የለም። በቀኙ አንድ ገበሬ ለሚስቱ ኮት ለብሶ እያሳያት ነበር፤ ሚስትየው ትከሻውን ትጎትታለች፣ ይሳሳቃሉ። ፈየራ ሱሪውን አጥፎ ክምሩ ላይ መለሰው።

ወዲያ ወዲህ ብሎ ሊመለስ ሲል ልብስ ሰፊዎቹ ከተደረደሩበት በረንዳ ደረሰ። ጥጉ ላይ አንድ ቀጭን ሰው በስፌት መኪና ይሰፋል፤ ከኋላው ባለው ጠባብ ሱቅ ውስጥ ደግሞ ሻሽ ያሰረች ሴት ጣቃ ታጣጥፋለች። ሰውየው ደሊል ይባላል፤ ሴትየዋ እህቱ ሹኩሪያ ናት። ከስልጤ የመጡ ናቸው። ወንድሟ ሚስት ሳያገባ፣ እሷ ባሏን ፈትታ፣ ሁለቱ ብቻቸውን አምቦ ላይ ይኖራሉ።

«አካም ጅርቱ ኦቦ! ምን ልስጥዎት?» አለችው ሹኩሪያ።

«ሱሪ ነበር... ቀለል ያለ።»

«ለቢሮ ነው?»

«ለመንገድ። ለእግር መንገድ።»

«የት ነው የሚሄዱት?»

ፈየራ ቀና ብሎ አያት። ሰው የት እንደሚሄድ ከጠየቀው ቆይቷል። ጤና ጣቢያ የሚጠየቀው ስንት ልጅ እንደከተበ ነው። እናም መናገር ጀመረ። ስለ ጭልሞ ጫካ ዳር፣ ዝናብ ሳይኖርም ከዛፉ ስለሚንጠባጠበው ውሃ፣ ድልድይ ስለሌለው ወንዝ፣ አፋፉ ላይ ስለሚነፍሰው ነፋስ። ሹኩሪያ ጣቃው ላይ ክንዷን አስደግፋ ሰማችው። ብዙ ማውራቱን ፈየራ ያስተዋለው፣ ደሊል የስፌት መኪናውን አቁሞ እየሰማው መሆኑን ሲያይ ነው። አፈረ።

«እንግዲህ ይኼ ያው የለበሱት ዓይነት ነው፤ ይለፍ» አለች ሹኩሪያ ካኪውን ወደ ጎን እየገፋች። «ይኼ ቴትሮን ነው፣ ጥጥ የሚባል የለበትም። ይኼኛው ደግሞ ቅልቅል ነው፣ ጥጥ አለበት።»

«ቴትሮኑን ስጪያቸው» አለ ደሊል ከውጭ። «መተኮስ አይፈልግ፣ ምን አይፈልግ።»

«ጫካ ውስጥ ማን ይተኩስላቸዋል? ሲያልባቸው ገላቸው ላይ ይለጠፋል እኮ።»

«አንቺ ለብሰሽው ታውቂያለሽ?»

ወንድምና እህት ሲከራከሩ ፈየራ ጨርቆቹን በጣቱ ሲያሽ ቆየ። ከዚያ «ውሃ ይኖርሻል?» አላት። በኩባያ ሰጠችው። የሦስቱንም ጨርቅ ጠርዝ ነክሮ ፀሐይ በሚያገኘው የበረንዳው አግዳሚ ላይ አሰጣቸውና አጠገባቸው ቆሞ መጠበቅ ያዘ። ሹኩሪያ ሳቀች። «ወላሂ እንዲህ ያለ ገዢ አይቼ አላውቅም!» አለች፤ ቢሆንም በርጩማ አወጣችለት።

ቴትሮኑ ቀድሞ ደረቀ። ቅልቅሉ ብዙም ሳይቆይ ተከተለው። ካኪው ገና ጫፉ ላይ ውሃ እንዳቋተ ነው። ፈየራ የቴትሮኑን ጨርቅ እርስ በርሱ ቢያሸው ይንሸራተታል፤ ግን የጥፍሩ ጫፍ ሲነካው ክሩ ወጣ። ቅልቅሉ ጥፍሩን ቻለው።

«ይኼ ይሁን» አለ። ድምፁ ከፍ ብሎ ወጣ። ለራሱም ገረመው።

«ቀለሙስ? አመድማ አለ፣ ጠቆር ያለ ቡናማም አለ። ባለቤትዎ የትኛውን ይወዳሉ?»

«ጠቆር ያለ ትወዳለች። ጭቃ አያሳይም ትላለች።»

ቃሉ ሳያስበው ከአፉ አመለጠ። ሊያርመው ይችል ነበር፤ አፉንም ከፍቶ ነበር። ሹኩሪያ ግን ቡናማውን ጣቃ እያወረደች «ብልህ ናት!» አለች።

ጊንጪ ላይ ስለ ባየሽ የሚናገር ሁሉ «ነበረች» ይላል። ደግ ነበረች፣ ቁጡ ነበረች፣ እጇ ይጣፍጥ ነበር። «ናት» የሚል ሰው ከሰማ ከዓመት በላይ ሆኖታል። አፉን ዘጋ።

ደሊል ለካው። ጉልበቱ ላይ ሰፋ እንዲል፣ ታች ጭቃ እንዳያፍስ ጠበብ እንዲል፣ ኪሱ በቁልፍ እንዲዘጋ፣ ውስጥ ጭኑ ላይ ስፌቱ ጠፍጣፋ እንዲሆን ተነጋገሩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሱሪው ደርሶ ጠበቀው። ሱቁ ውስጥ ከመጋረጃው ኋላ ለብሶ ወጣ።

«ቁጢጥ ይበሉ» አለችው ሹኩሪያ።

«እዚህ ገበያ መሃል?»

«ዳገት ላይ ከሚቀደድ እዚህ ይቀደድ።»

ቁጢጥ አለ። ተነሣ። የበረንዳውን ደረጃ ወጣ፣ ወረደ። ገበያተኛው ቆሞ አየው፣ ደሊል በሳቅ ፈረሰ።

«እስቲ ይዙሩ» አለች ሹኩሪያ።

ፈየራ ቆሞ ቀረ። ከዚያ ቀስ ብሎ ዞረ።

«ያምራል። ለባየሽ ያሳዩልኝና የምትለውን ይነግሩኛል» አለችው። ስሟን ልኩ ሲወሰድ ጠይቃው ነግሯት ነበር።

ሱሪው ለመንገድ የተሠራ ነበር። በሰኔ ዝናብ ወንዙን እስከ ወገቡ ተሻግሮ፣ ዳገቱን እየወጣ ነፋሱ ሲነካው ገላው ላይ ደረቀለት። ጭኑ ዳነ። ያን ጊዜ ጥሏቸው የተመለሰባቸው እናቶች አንድ በአንድ መጡለት። አንዲቱ ሕፃኗን እያቀበለችው «ዛሬስ ደረስክ» አለችው፣ ያለ ቂም። ጨርሶ ወደ አፋፉ ወጣ። ጉሙ ከሐይቁ ላይ እንደ መጋረጃ ተገልጦ፣ አንዱ ወገን ውሃው ሲያበራ፣ ሌላው ወገን ገና ግራጫ ነበር። እዚህ ቦታ ስንት ጊዜ ቆሟል። ያን ቀን ግን «ይኼን ቅዳሜ እነግራታለሁ» ሲል አሰበ። የትኛዋን ማለቱ እንደሆነ ራሱንም አልጠየቀም።

ቅዳሜ ቅዳሜ አምቦ ለመውረድ ምክንያት አይጠፋም። አንዴ ቁልፍ ወለቀ። አንዴ ጭልሞ ላይ የቀጋ እሾህ ጉልበቱን ቀደደው። አምቦ ሲደርስ ሹኩሪያ በርጩማውን ታወጣና «ባየሽ ምን አለች?» ትላለች።

«ተቆጣችኝ። መንገድ እያለልህ በእሾህ መሃል የምትሄደው እንደ ፍየል ነው ወይ አለችኝ።»

ሹኩሪያ ከት ብላ ሳቀች። ፈየራ ውሸት የተናገረ አልመሰለውም። ባየሽ ብትኖር የምትለው ይህንኑ ነበርና። በአውቶቡስ ሲመጣ በልቡ ይጠይቃት ጀመር፤ እሷም ትመልስለታለች። ስለ ሹኩሪያ ሻሽ፣ ስለ ደሊል መክሳት፣ ስለ ሁሉም አስተያየት ነበራት። ሱቁ ውስጥ ባየሽ ትናደዳለች፣ ትቀልዳለች፣ ጎመን ትተክላለች፣ ጉንፋን ይይዛታል። ቤቱ ሲመለስ ግን አልጋው እንዳነጠፈው ነው፣ ምድጃውም ቀዝቃዛ ነው። ከቅዳሜ በኋላ ያለው እሑድ ከድሮው እሑድ ይልቅ ከበደው። እንዲያም ሆኖ ቅዳሜን ሊተወው አልቻለም።

ሐምሌ ላይ ሹኩሪያ ለስላሳ ሰማያዊ ሻሽ በወረቀት ጠቅልላ ሰጠችው። «ለባየሽ ነው። እዚህ አገር የሚያጫውተኝ ሴት የለም፤ ቋንቋውንም ገና እየተማርኩ ነው። ሳላያት ወደድኳት። አንድ ቀን ኢንሻአላህ ይዘዋት ይመጣሉ።»

ያን ቀን ሊነግራት ቆርጦ ነበር። «ሹኩሪያ...» አለ።

«አቤት?»

ፊቷን አየው። ደስ ብሏት ነበር።

«ገለቶሚ» አላት በኦሮምኛ፤ አመስግኗት ሻሹን ይዞ ወጣ። ቤቱ ገብቶ ባየሽ ልብሷን ታስቀምጥበት የነበረውን ሳንዱቅ ከፈተና ከላይ አኖረው። ክዳኑን ዘጋው። ከዚያ ቀን በኋላ አምቦ መሄዱን ተወ። ነሐሴን ሙሉ ሥራ በዝቷል ብሎ ለራሱ ነገረ፤ በዝቶም ነበር። ቅዳሜ ሲመጣ ግን ደጁ ላይ ተቀምጦ፣ የአምቦው አውቶቡስ ጥሩንባውን ነፍቶ እስኪያልፍ ድረስ ጫማውን ይጠርጋል።

መስከረም ገብቶ አደይ ሲፈነዳ፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ፈየራ ከገጠር ሲመለስ አጥሩ ውስጥ ሁለት ሴቶች ተቀምጠው አየ። አንደኛዋ አዴ ወርቅቱ ናት። ሁለተኛዋ ሹኩሪያ ነበረች። ጉልበቷ ላይ ትንሽ ጥቅል ይዛለች። አዴ ወርቅቱ እሱን ስታይ ተነሣች፤ እንደ ወትሮዋ ሰላም ስላላለችው የባየሽ ሞት መነገሩን ያን ጊዜ አወቀ። በአጠገቡ ስታልፍ ክንዱን ያዝ አድርጋ ለቀቀችውና ወደ ቤቷ ገባች።

ሣጥኑን ከትከሻው አወረደ።

«አዲስ አበባ መሄዳችን ነው» አለች ሹኩሪያ ሳታየው። «ጨርቅ አምቦ መምጣቱን ትቷል። አጎታችን መርካቶ ሱቅ አለው፣ ደሊል እዚያ ይሠራል። እሱ ዕቃውን ይዞ ቀድሞ ሄደ። እኔ ዛሬ ባየሽን ሳልሰናበት አልሄድም ብዬ እዚህ ከአውቶቡስ ወረድኩ። አስፋልቱ ላይ የክትባቱ የፈየራ ሚስት የባየሽ ቤት የት ነው ብዬ ጠየቅኩ።» ጥቅሉን በጣቶቿ ጨበጥ አደረገች። «ሰው ሁሉ አየኝ፣ ኦቦ ፈየራ። አንዷ ሴትዮ እጇን አፏ ላይ አደረገች።»

ፈየራ ወደ እሷ ቀረበ። መሬት ላይ፣ ከፊት ለፊቷ ተቀመጠ።

«ልዋሽሽ ብዬ አልነበረም» አለ።

«ሰላምታ ልኬያለሁ። ጉንፋን ያዛት ሲሉኝ ነጭ ሽንኩርት ልኬያለሁ። ሳቁብኝ?»

«አንድም ቀን አልሳቅሁብሽም። የመጀመሪያውን ቀን ስትጠይቂኝ ከአፌ ወጣ። አንቺ ደግሞ ብልህ ናት አልሽ። እንደሱ ያላት ሰው አልነበረም። እዚያ ስመጣ... እዚያ ስመጣ ነበረች።»

ሹኩሪያ ጥቅሉን አፈር ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ ማልቀስ ጀመረች። የይሉኝታ ለቅሶ አልነበረም። የሚያውቀው ሰው መሞቱን ዛሬ እንደተረዳ ሰው ትከሻዋ እየተናጠ አለቀሰች። ፈየራ ምን ማድረግ እንዳለበት ጠፍቶት አያት። በቀብሩ ቀን ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሱ ድንኳን ሲያስተክል፣ ሰው ሲያስቀምጥ ነበር የዋለው። አሁን ይህች ባየሽን በዓይኗ አይታ የማታውቅ ሴት አጥሩ ውስጥ ስታለቅስ፣ የእሱም እንባ መጣ።

«እኔም እኮ ጓደኛ አለኝ እል ነበር» አለች በመጨረሻ ፊቷን እየጠረገች። «ሱቅ ስዘጋ ዛሬ ባየሽ ምን ሠርታ ይሆን እላለሁ። አሁን ለእኔም ሞተችብኝ።»

«ይቅር በይኝ፣ ሹኩሪያ።»

ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰች። ቀጥሎ ቀና ብላ ለቅሶ እንደሚደርስ ሰው እጇን ደረቷ ላይ አደረገች። «አላህ ያጽናዎት» አለችው። «እንዴት ሞተች? ይንገሩኝ።»

ለማንም አልተናገረውም፤ ስትታመም ሁሉም ያየ ስለነበር የጠየቀው አልነበረም። ነገራት። በክረምቱ ዓይኗ ቢጫ እየሆነ መምጣቱን፣ አምቦ ሆስፒታል ከርማ መመለሷን፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት ምግብ ሲሸታት መቆጣቷን። ስትሞት ጠዋት ነበር። ፀጉሯን እንዲያበጥርላት ጠይቃው፣ እሱ ማበጠር ስለማያውቅበት እያሳመማት፣ «ተወው በቃ፣ እጅህ የቆርቆሮ ነው» ብላ ፈገግ አለች። ማበጠሪያውን አስቀምጦ ውሃ ሊያመጣላት ወጣ። ሲመለስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።

«እጅህ የቆርቆሮ ነው አለች» አለች ሹኩሪያ በቀስታ። «ትላለች። አውቃታለሁ።»

ብዙም አልተቀመጡም። ከአምቦ የሚመጣው የመጨረሻ አውቶቡስ እንዳያመልጣት አስፋልቱ ድረስ ሸኛት። ጎን ለጎን ሲሄዱ መንገደኛው ዞር እያለ ያያቸዋል፤ ሁለቱም ግድ አልነበራቸውም። ጥቅሉ ውስጥ ያለው ደሊል የሰፋለት ሌላ ሱሪ መሆኑን፣ ከዚያው ጣቃ የቀረ ጨርቅ እንደሆነ ነገረችው። አድራሻ እንድትሰጠው ሊጠይቃት ፈለገ። አውቶቡሱ ግን ቀድሞ ደረሰ። ረዳቱ በሩን እየደበደበ «አዲስ ዓለም፣ ሆለታ፣ አዲስ አበባ!» ይላል።

«በሉ ደኅና ይሁኑ፣ ኦቦ ፈየራ። ከሰው ጋር ያውሩ» አለችው እግሯን ደረጃው ላይ አድርጋ። «ካለ ሰው ጋር።»

በመስኮት አላየችውም፤ ወንበሯ በወዲያኛው በኩል ሳይሆን አልቀረም። አውቶቡሱ ኩርባውን ዞሮ እስኪጠፋ ቆመ። ጭሱም ጠፋ። አስፋልቱ ላይ አህያ የሚነዱ ሴቶች ብቻ ቀሩ።

ወደ ቤቱ አልተመለሰም። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር ወዳለው የወንጌል አማኞች መቃብር የሚወስደውን መንገድ ያዘ። ከቀብሩ ቀን ወዲህ ረግጦት አያውቅም። ክረምቱ ሣሩን እስከ ወገብ አድርሶት፣ የትኛው የማን እንደሆነ አይለይም ነበር። በድንጋዮቹ መሃል እየዞረ ብዙ ፈለገ። በመጨረሻ አዴ ወርቅቱና የባየሽ ዘመዶች ያቆሙትን፣ «ባየሽ ኤጄታ» የሚል በሚስማር የተጫረበትን ጣውላ አገኘ። ጣውላው ወደ አንድ ወገን አዘንብሏል።

ተንበርክኮ ሣሩን በእጁ መንቀል ጀመረ። ከሥሩ እርጥብ አፈር ይዞ ይወጣል። ከመቃብሩ ጥግ ዕንጨት የሚለቅሙ አንድ ሽማግሌ ወደ እሱ መጡና ቆመው አዩት።

«ማንህ ናት፣ ልጄ?» አሉት።

«ባለቤቴ ነበረች» አለ ፈየራ።

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ዕንጨታቸውን አውርደው ጣውላውን በሁለት እጃቸው ቀጥ አድርገው ያዙለት፤ እሱም ድንጋይ እያመጣ ሥሩን አጠበቀው። ሲጨርሱ ሽማግሌው ሸክማቸውን አንሥተው ሄዱ። ፈየራ ለብቻው የቀረውን ሣር ሲነቅል ቆየ።